ለመኪና ቁልፍ የተላኩ ሽማግሌዎች

ኦክላንድ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን በየእሑዱ ማስታወቂያ የማነበው እኔ ጥሩዬ ነኝ። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የትኛው መንገድ ተቆፈረ፣ ሁሉም በእኔ አፍ ያልፋል። ድምፄ ማይክ አያስፈልገውም፤ ማይኩን የምይዘው ለወጉ ያህል ነው።

ባለፈው ወር፣ ዐይናችሁ የደከመ አባቶችና እናቶች ስለ ልጆቻችን ስትሉ መንዳት ይብቃችሁ ብዬ አነበብኩ። ከሁሉ ጮክ ብለው አሜን ያሉት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሼ ኩምሳ። ማስታወቂያውን የጻፍኩት ለእሳቸው ነበር እኮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ወርቂቱ በርክሌ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በጠዋት ስለምትወጣ ልጇን ሐኒን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት አያቷ ናቸው። አንድ ቀን ሐኒ በዚያ በእንግሊዝኛዋ፣ ግራንፓ እኮ ቀይ መብራት ላይ አይቆምም ብላ ተናገረች። ወርቂቱ ወዲያው ኮል አደረገችልኝ። የመኪናውን ቁልፍ ራስሽ ተቀበያቸው ብላት፣ አባቴን በምን አፌ አትንዳ እለዋለሁ አለችኝ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ብቻቸውን ያሳደጓት ሰው ናቸው።

እኔ መላ መች አጣሁ! ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ይላክ የለ? ለቁልፉም ይላካላ። ከቤተ ክርስቲያናችን አባቶች ጋሼ ሀብቱንና ጋሼ አክሊሉን መረጥኩ፤ ሦስተኛዋ እኔው ነኝ። ሴት ሽማግሌ አትሆንም የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሳን ፓብሎ፣ አባትና ልጅ አብረው በሚኖሩበት እነ ወርቂቱ ቤት ልንገናኝ ተቀጣጠርን።

ቀድሜ ደርሼ በመስኮት ሳይ፣ የጋሼ ኩምሳ መኪና እየተንገጫገጨ መጣና አንድ ጎማውን የእግረኛ መንገድ ላይ ሰቅሎ ቆመ። ከውስጡ ሽማግሌዎቼ ወረዱ። ጉድ ፈላ! ለካ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው እሳቸው ጋ ደውለው ራይድ ስጠን ብለዋል። ከእኛ መካከል መኪና የሌለው ሁሉ የሚደውለው ለጋሼ ኩምሳ ነዋ።

ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። የእኔዎቹ ግን ገና ከመግባታቸው ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። ጋሼ ሀብቱ ውሃ ጠየቁ። ጋሼ ኩምሳ መንገድ ላይ ልጇን በጋሪ የምትገፋ እናት ለጥቂት ሳይገጯት እንደቀሩ የሰማሁት በኋላ ነው። ስለዚህ እኔው ብድግ አልኩና የመጣንበትን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ቁልፉን ይስጡን አልኩ።

ጋሼ ኩምሳ እስክጨርስ ሰሙኝ። ይቆጣሉ ብዬ ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ከንቱ ቀረ። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ።

«ሽማግሌ የሚላከው ለባዳ ነው» አሏት። «እኔ ባዳሽ ነኝ?»

ወርቂቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔም፣ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የማልደነግጠው ጥሩዬ መሬት መሬት አየሁ። በጣም አፈርኩ።

«አባዬ» አለች ወርቂቱ በመጨረሻ፣ «ሐኒን ይዘህ በወጣህ ቁጥር፣ ከትምህርት ቤቱ ደርሳለች እስኪሉኝ ድረስ ሥራ አልሠራም። እፈራለሁ። ለእሷም ለአንተም እፈራለሁ። በቃ አትንዳ።»

«ይህቺን ለማለት ነው ሰው የሰበሰብሽብኝ?» አሉና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እጇ ላይ አኖሩላት። ዐይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ቆይተው በሩ ላይ ቆማ የምታየንን ሐኒን ጠሯት።

«ትምህርት ቤትሽ በእግር ሩቅ አይደለም። ሰኞ አብረን እንሄዳለን» አሏት። «መንገዱን አንቺ ታሻግሪኛለሽ።»