የሐጂ ሙዐዊያ ምስክር

ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ በአንድ ሰፈር፣ ድሃ መሆኑን የሚመሰክርለት የሚፈልግ ሰው ሐጂ ሙዐዊያ ዘንድ ይሄድ ነበር። ቀልድ አይደለም። የጤና መድን መዋጮ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ መታወቂያው ያለው ሰው ሆስፒታል ሄዶ መድኃኒቱን በነፃ ይወስዳል። ማን አቅም እንደሌለው የሚለየው ደግሞ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ነው። አንዱ ይጠቁማል፣ ሌላው ይመሰክራል። ሰው እርስ በርሱ መጠራጠር ሲጀምር «ሐጂ ይናገሩ!» ይባላል። ሐጂ ከተናገሩ አለቀ።

እስላሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን ያምን ነበር። የሰፈሩ ስብሰባ በእሳቸው ዱዓ ይከፈታል። በመስኖ ውሃ ተራ የተጣሉ ሽንኩርት አልሚዎች፣ ከባሏ የተኳረፈች ሴት፣ ድንበሬን ተገፋሁ የሚል ገበሬ፣ ሁሉም እሳቸው ደጅ ነበር የሚመጣው። እኚህ ሰው ታዲያ ያን ሰሞን የስኳር መድኃኒታቸውን የሚውጡት ቀን እየዘለሉ ነበር።

መካ ደርሰው የመጡት ደህና ነጋዴ ሳሉ ነው። አጣዬ ላይ የሽንኩርት መጋዘን ነበራቸው፤ በ2013 ዓ.ም. ከተማዋ ስትቃጠል አብሮ ሄደ። ያኔ ከአጣዬ የሸሸው ሰው ግቢያቸውን ሞልቶት ስለነበር፣ ልጁን የቀበረ ሰው ፊት ስለ መጋዘን ማውራት ነውር ሆነባቸው። ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ። እንግዶቹ ሲመለሱም ስንቅ ቋጥረው የሸኟቸው እሳቸው ናቸውና፣ ሰው ሁሉ ሐጂ ያላቸው ናቸው ብሎ አመነ። ባለቤታቸው ነኢማ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ልጅ አልወለዱም። ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ሰፊ ግቢ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ውስጡ ባዶ ቢሆንም ከውጭ ሲያዩት ሀብታም ያስመስላል።

መድኃኒቱ ጨርሶ ያለቀ ቀን ሆስፒታል ሄደው የመድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ቆሙ። ውስጥ ያለችው ልጅ መታወቂያቸውን አገላብጣ አየችና «አባባ፣ ይሄ ሳይታደስ ቆይቷል። በነፃ ልሰጥዎ አልችልም። አቅም ከሌለዎት ግን እሑድ በየሰፈሩ የነፃ ታካሚዎች ምርጫ አለ፣ ይሂዱና ይመዝገቡ» አለቻቸው በትሕትና።

ከኋላቸው የተሰለፈ ሰው ሰምቶ ቱግ አለ። «ሐጂን ነው አቅም የለዎትም የምትያቸው? ሰው አታውቂም እንዴ!»

ሐጂ ፈገግ ብለው «ተዋት፣ ልጅ ናት» አሉና ወጡ። በስኳሩ ሳቢያ እግራቸው እንደ ረመጥ ይፈጃቸው ነበር። ሰውየው ክብራቸውን ስለጠበቀላቸው አመሰገኑት፤ በልባቸው ግን ምነው ዝም ባለ አሉ።

እሑድ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ሰፈሩ ዳስ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ሐጂ ዱዓ አድርገው ከፈቱ። ኢየሩሳሌም የተባለችው የጤና ባለሙያ ስም ስትጠራ፣ እሳቸው እንደ ወትሮው መሰከሩ። ለባል የሞተባት፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለዐይነ ስውሩ። ሁሉም አለፉ።

«ሌላ የቀረ አለ?» አለች ኢየሩሳሌም።

ሐጂ ተነሡ። «እኔ አለሁ።»

«እሺ ሐጂ፣ ማንን ሊጠቁሙ ነው?»

«ራሴን። መድኃኒቴን መግዛት አቅቶኛል።»

ሕዝቡ በፍቅር ሳቀ። የመስጊድ ጓደኛቸው አብዱልሰመድ እጁን ዘርግቶ ተነሣ። «ሰማችሁ? ትሕትና ማለት ይሄ ነው! ከምስኪን ጋር ልቆጠር ማለታቸው ነው። ያ አላህ፣ እኛንም ከምስኪኖች ጋር ቀስቅሰን!»

«አሚን!» አለ ዳሱ በሙሉ፤ ክርስቲያኖቹ ጭምር።

ሐጂ ሙዐዊያ በዕድሜያቸው እንደዚያን ጊዜ ብቻቸውን ሆነው አያውቁም። ነኢማን ቀብረው የተመለሱ ቀን እንኳ እንዲያ አልሆኑም። ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ፤ ቀላሉ እሱ ነበር። ግን ቀጣዩ ምርጫ የሚኖረው ከዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ እንደማይቆዩ እግራቸው ነግሯቸዋል።

«ወላሂ አልቀለድኩም» አሉ። «ድሃ ነኝ። የሚመሰክርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

አሁን የሳቀ የለም። ቀና ብሎ ያያቸውም የለም። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ለስንቱ የመሰከሩ ሰው፣ መስካሪ አጥተው ቆሙ።

«እኔ እመሰክራለሁ» አለች ከወደ ኋላ ብርቱካን። አጥር የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ናት፤ መናኸሪያው በር ላይ ማንጎ ትሸጣለች። «ግቢያቸው ውስጥ ዶሮ እንኳ የለም። ጉልቻቸው ከቀዘቀዘ ቆየ። የእትዬ ነኢማን ወርቅ ሊሸጡ ወርቅ ቤት ሲገቡ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ።»

ሐጂ ዞረው አዩዋት። «መቼ ነው ያየሽው?»

«አምና ነው፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንቱን እንዴት ብዬ ድሃ ልበል? አፌስ እንዴት ይታዘዘኛል?» አለችና በነጠላዋ ተሸፍና አለቀሰች።

ሐጂም ተቀመጡ። ዓመቱን ሙሉ ምሳ በልቻለሁ ሲሏት፣ እሷም እሰይ ስትላቸው፣ ሁለቱም ያውቁ ኖሯል። የረዳቸው ምስክርነት ከመጋዘኑ መቃጠል ይልቅ አንገበገባቸው።

መታወቂያው ወጣ። መድኃኒቱን በነፃ ወሰዱ፤ የእግራቸው ቃጠሎ በረደ፣ እንቅልፍ አገኙ። ሰፈሩም አልጨከነባቸውም። እንዲያውም ምግብ የማይመጣበት ቀን ጠፋ። ግን ሰው ሲያናግራቸው፣ ጆሮ እንደከበደው ሰው፣ ድምፁን ከፍ ቃሉን ረጋ ማድረግ ጀመረ። ቀጣዩን ስብሰባ በዱዓ የከፈተው አብዱልሰመድ ነው፤ «ሐጂ ይረፉ» ተባለ። በውሃ ተራ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችም ሌላ ሽማግሌ ዘንድ ሄዱ። በክፋት አይደለም፤ በራሳቸው ችግር ላይ ችግር አንጨምርባቸው ብለው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ሳህን ይዛ ገባች። ሐጂ አልተቀበሏትም። በርጩማ ሳቡላት።

«ተቀመጪ እስቲ። ከባለቤትሽ ጋር እንዴት ናችሁ?»

«ደህና ነን፣ ተመስገን።»

«ምንም ያጣላችሁ ነገር የለም?»

ብርቱካን ሳቀች። «ኧረ ምንም የለም፣ ሐጂ።»

«ከገበያ ሰውስ? ቦታሽን የነካብሽ፣ ክፉ የተናገረሽ?»

ሳቋን አቆመች። ሽማግሌው የሳቡላትን በርጩማ በእጃቸው እንደያዙ፣ ድሮ የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ እንደሚያደርጉት፣ ፊቷን ትኩር ብለው እያዩ ይጠብቃሉ።

«ማንም የለም» አለች ቀስ ብላ።

«እሰይ፣ እንኳንም አልኖረ» አሉና ሳህኑን ተቀበሏት።