የተረከዝ ቅባት

የእህቴ ባል ፀጉር አስተካካይ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ገበናውን ይዘረግፍለታል፤ እሱም እጁን ከመቀሱ ሳያነሳ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ ይመክራል። ለራሱ ሲሆን ግን ምክሩ ጠፋው። ብልቱ ላይ ቀይ ነገር ወጥቶበት ዓመት ሙሉ አፉን ለጉሞ ተቀመጠ።

በስንት መከራ ክሊኒክ ሲሄድ የቆዳ ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን ነገረው። ደግነቱ ከላይኛው ቆዳ አላለፈም። መጀመሪያ በሚቀባ መድኃኒት ይሞከራል፣ እምቢ ካለ ሌዘር አለ፤ ቢላዋ የሚመጣው ወደ ውስጥ ከዘለቀ ነው፣ ያኔም በተቻለ መጠን የታመመውን ብቻ እናነሳለን አለው። እሱ ከዚህ ሁሉ ይዞ የተመለሰው «ቢላዋ» የምትለዋን ብቻ ነው።

እህቴ ስለ ቅባቱ ስትጠይቀው ለተሰነጠቀ ተረከዝ ነው አላት። እንግዲህ ይህን ያለው ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትውል አስተማሪ ነው! ተረከዟ ከተሰነጣጠቀ ቆይቷል። እሱ ወደ ሥራ ሲወጣ እሷ ከቅባቱ ትለቀለቃለች። ቶሎ ማለቁ ግራ የገባው ባል ቲዩቡን በመቀስ ሰንጥቆ መጥረግ ጀመረ። የሰው መካሪ በሽታውን ደብቆ ይኸው መድኃኒት አጣ።

ተረከዟ ተልጦ መራመድ ሲያቅታት ቲዩቡን ከቆሻሻ መጣያ አውጥቼ፣ ላዩ ላይ ወደተጻፈው ክሊኒክ ደግፌ ወሰድኳት። ባሏ ሌላ ቅባት ሊለምን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሲያየን ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ተከትሎን ገባ። ሐኪሙ ተረከዙን አየ፣ ቲዩቡን አየ፣ ባልየውን አየ፤ የታካሚ ምስጢር ነውና ዝም አለ። እኔ ብሆን አልችልም ነበር።

«የተረከዝ አይደለም» አለ ባሏ ወለል ወለሉን እያየ። ከዚያ እየተንተባተበ ሁሉንም ተናዘዘ። እኔን ማስወጣት እንደነበረባቸው ትዝ ሲላቸው ጊዜው አልፎ ነበር።

እህቴ ልትስቅ ነው ስል ዓይኗ እንባ ሞላ። «ይድናል?» አለችው ሐኪሙን። በዚህ ደረጃ የተገኘ አብዛኛው እንደሚድን፣ ግን ሳያቋርጥ መቀባት እንዳለበት ነገራት። ወደ ባሏ ዞረች።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የምቀባህ እኔ ነኝ። አንተ እንደሆነ ተረከዝህ የት እንዳለ አታውቅም።»

ሐኪሙ ከሳጥኑ ጓንት አውጥቶ ሰጣት።