ከኩባያው የተረፈው ውሃ

የመኩሪያ አውራ ጣት ከካልሲው ሾልካ ወጥታለች። ጫማውን በረንዳው ላይ ካወለቀ ጀምሮ በሌላው እግሩ ሲሸፍናት ቆይቷል። ይህ የላፍቶ ቪላ ውስጡ የቡድሃ ቤተ መቅደስ መሆኑን የሚያውቅ ጎረቤት ጥቂት ነው። ሾፌር ነውና አለቃውን ሚስተር ሱኒልን በየወሩ ጨረቃ ስትሞላ እያመጣቸው ከበር ይመለስ ነበር። ዛሬ ሚስተር ሱኒል ከሞቱ ሦስተኛ ወራቸው ነውና ባለቤታቸው ማዳም ኩማሪ «ግባ» ቢሉት ገባ።

ሚስቱ ውዳሴ «ሐዘንተኛ ማጽናናት ደግ ነው፤ ብቻ እንዳትሰግድ» ብላ ነበር የሸኘችው። ምነው ጭንቀቱ የስግደት በሆነ! እሱ የፈራው የማዳም ኩማሪን ዓይን ነው። በሞቱበት ጠዋት ሚስተር ሱኒል ደረታቸውን ይዘው «ሆስፒታል» ሲሉት፣ ያሳጠረ መስሎት በመካኒሳ ታጠፈ። ለካ ቀኑ የጥቅምት አቦ ነው። ነጠላ የለበሰው ሕዝብ አስፋልቱን ሞልቶት መኪናዋ አርባ ደቂቃ ቆመች። በየወሩ በአምስት የአቦን ጽዋ የሚጠጣ ማኅበርተኛ ንግሡን ይረሳል? ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም።

ብርቱካንማ የለበሱት መነኩሴ በማያውቀው ቋንቋ ያዜማሉ። ቃሉ ባይገባውም ለሙት መሆኑ ገባው። ማዳም ኩማሪ ከፊታቸው ኩባያ በሳህን ላይ አስቀመጡና ማንቆርቆሪያውን አነሱ።

«ቤተሰብ አብሮ ይይዛል» አሉ በስምንት ዓመት አማርኛቸው። «እዚህ ቤተሰብ የለኝም። ና፣ ያዝ።»

ተንበርክኮ ያዘ። ውሃው በቀጭኑ ወረደ፤ ኩባያው ሞላ። አፉ ላይ ሲደርስ መኩሪያ ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገው። በሰፈሩ በሀና ማርያም ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን እየቀዳ የኖረ እጅ፣ ሳያዝዘው ነው ያደረገው።

«ለምን አቆምክ?»

«ሊፈስ ነው፣ ማዳም።»

«ይፍሰስ። ሞልቶ ሲፈስ ነው ለሱኒል የሚደርሰው።»

 ምስጢሩን ከእንግዲህ ሊይዘው አልቻለም።

«ማዳም፣ በአቦ በኩል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ንግሥ መሆኑን ረስቼ… አርባ ደቂቃ ቆመናል። በሌላው መንገድ ብሄድ ኖሮ…»

ማዳም ኩማሪ ዓይናቸውን ከኩባያው አላነሱም። ጣቶቻቸው ማንቆርቆሪያው ላይ፣ ከእሱ ጣቶች አጠገብ እንዳሉ ደረቁ። መነኩሴው ያቺኑ ቃል መላልሰው ያዜማሉ። መኩሪያ የእግሩ ጣት መታየቷንም ረስቶ ጠበቀ።

ማንቆርቆሪያው እንደገና ሲያዘነብል የእሳቸው እጅ ይሁን የእሱ አላወቀም። ውሃው ከኩባያው አፍ አልፎ ወደ ሳህኑ ወረደ።