ሳይለቅ የቀረ ቀይ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እማማ ማይሙና የምራታቸውን የዙለይካን እጆች በረኪና በተቀላቀለበት ሳፋ ውስጥ ይዘው በብሩሽ ይፈትጉ ነበር። ውሃውን ሁለቴ ቀይረዋል። ልጃቸው ከይረዲን ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«አይለቅም፣ እማማ።»

«ይለቃል! ባሏ የሞተባት ሴት እንደ ሙሽራ እንሶስላ ሞቃ ለቅሶ ትቀመጥ?»

«ሥራ ላይ ነው የነካኝ።»

«እኔ አውቃለሁ። ለስንቱ ታስረጃለሽ?»

ዙለይካ እንዲለቅ አልፈለገችም። ይህን ለመናገር ግን ደከማት፤ እጇን ትታላቸው ተቀመጠች።

መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ደጅ፣ ሸራው ስር፣ ወንዶቹ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ። ጎረቤቷ ሐዲጃ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ አለች።

«ምን ይታወቃል እቴ፣ ሁለተኛው ሠርግ ደርሶ ይሆናል» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ለይምሰል ነው።

ዙለይካ ሰማች። ቀና አላለችም።

ከይረዲን ከድሬዳዋ የመጣው ወደ የመን ሊሻገር ነበር። ጀልባ እስኪያገኝ እዚህ ወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚሉት ሰፈር፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጠረ፤ በዚያው ቀረ። በረኪናን የሚያሸንፍ እድፍ ያስገርመው ነበር፤ ሻይ፣ እርድ፣ የሮማን ልጣጭ። ኋላ ሆቴሎች የጣሉትን አንሶላ እየሰበሰበ ሆን ብሎ ያሳድፍ ጀመር። አንሶላዎቹ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንደ ሥዕል የተሰቀሉለት ቀን ለዙለይካ በጆሮዋ፣ «ባለቤቶቹ መጥተው እንዳይጠይቁን» አላት፤ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ቀዩ ብቻ እምቢ አለው። እናቱ በባቡር የሚልኩለት የእንሶስላ ሥር፣ ሰው እጅ ላይ ወር የሚቆየው፣ ጨርቅ ላይ በአንድ እጥበት ይጠፋል። ዓመታት ለፋበት።

የሞተ ዕለት ዙለይካ በእንሶስላ ያቀላውን አንሶላ አጥባ ስትጨምቀው ጥርት ያለ ውሃ ወረደ። «ያዘ! ከይሩ፣ ያዘ!» ብላ ዞረች። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የሚቀልድባት መስሏት ፊቱን ቀለም በነካው እርጥብ እጇ ይዛ ነቀነቀችው።

«አሁንስ እኔም ደከመኝ» አሉ እማማ ማይሙና። ብሩሹን ግን አልጣሉም።

የከይረዲን ታናሽ ወንድም ኒዛር ውሃ ሊወስድ ገብቶ ሳፋውን ሲያይ ቆመ።

«እማ፣ ተያት።»

«ሰው ምን እያለ እንደሆነ አልሰማህም?»

«ጀናዛውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጉንጩ ላይ የጣቶቿ ምልክት ነበረ፤ ቀይ። ደጋግመን አጠብነው፣ አለቀቀም። እንደዚያው ቀበርነው።»

ሐዲጃ ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

እማማ ማይሙና ናጋድ ጣቢያ ከባቡር የወረዱት ከቀብሩ ማግስት ነው። የልጃቸውን ፊት አላዩም።

«በየትኛው ጉንጩ?» አሉ።

«በግራው።»

የዙለይካን እጅ ከሳፋው አወጡ። በንጹህ ውሃ አለቀለቁት፣ በሻሻቸው ጫፍ ጣት በጣት አደረቁት። ከዚያ ግራ ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ እንዳይሸሽ ይመስል በሁለት እጃቸው ያዙት።

ለሦስት ቀን የመጡት እማማ ማይሙና ወደ ድሬዳዋ የተመለሱት ቀዩ ከዙለይካ ጥፍር ጋር አድጎ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው።