የዘኪያ ቆጣሪ

ዘኪያ ግቢዋ ውስጥ ቧንቧ ያስገባች ዕለት ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። አላመመኝም። ባሏ ሸፊ አዲሱ ገበያ ሱቅ አለው፤ የመስመሩን ወጪ ከፈለና ውሃው ከነቆጣሪው ደጃቸው ድረስ መጣላቸው። ለእኛ ለቀረነው ቀበሌው ቦኖ ይተከልላችኋል ብሎን ነበር። የቧንቧውን ቦይ እሁድ እሁድ በዘመቻ ቆፈርን። ቧንቧው ግን አልመጣም፤ ክረምት ሲገባ አፈሩ ተመልሶ ቦዩን ሞላው።

ልጄ ሙሉ ከቁስቋም በላይ ካለው ምንጭ ውሃ ስትቀዳ ትምህርት ቤት ታረፍዳለች። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት፤ እኔ ያመለጠኝ እሷን እንዳያመልጣት እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ ዘኪያ፣ «እትዬ ደሳለች፣ ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ትቅዳ» ስትለኝ እሺ አልኩ። ቸርነቷም አስቀናኝ።

እኔ ኖሮኝ እሷ የሌላት አንድ ነገር ቢኖር ንባብ ነው። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደልም ቁጥርም ለይቻለሁ።

አንድ ቀን ጠራችኝ።

«ሸፊ ዕቃ ሊያመጣ ጅማ ሄዷል። ሳይመጣ ቆጣሪው ስንት እንደቆጠረ ልወቀው፤ እስቲ ያንብቡልኝ።»

መስታወቱን በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩ። መጀመሪያ ጥቁር ቁጥሮች አሉ፤ በስተቀኝ ደግሞ ቀይ። አስተማሪያችን አንድም ሳትዘሉ አንብቡ ብላናለች። አንድም ሳልዘል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ቁጥሩ መቶ ሺህ ገባ።

«ምኑ ነው መቶ ሺህ? ባልዲው?»

«ኪዩብ ነው የሚሉት። አንዱ ኪዩብ ብዙ በርሜል ይወጣዋል።»

ፊቷ ዐመድ መሰለ። በሆዴ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሙሉ ባዶ ባልዲ ይዛ ተመለሰች።

«እትዬ ዘኪያ ቧንቧውን ቆልፈውታል፣ እማዬ። ሱቁ ቢሸጥም ዕዳውን አይችለውም አሉ።»

«ማነው እንዲህ ያስፈራራት?»

«አንቺ» አለችኝና ወደ ምንጩ ወጣች።

ያን ሰሞን በየቀኑ አረፈደች። ኋላ ቆጣሪ አንባቢው መጣ፤ ዘኪያ እኔ ባለሁበት መቶ ሺሁን እያለቀሰች ስትነግረው ሳቀ።

«ቀዩ ከአንድ ኪዩብ በታች ያለው ሽርፍራፊ ነው፣ እናቴ። የምናስከፍለው በጥቁሩ ነው። ይሄ እኮ ከሌሎቹ ደንበኞቻችንም ያነሰ ነው።»

«እትዬ ደሳለች፣ ሊያስፈጁኝ ነበር እኮ» አለች ዘኪያ፣ እንባዋን እየጠረገች። «ሸፊ ከሱቁ ጋር እኔንም በሸጠኝ ነበር።» ከዚያ የቧንቧውን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረችው። «እርስዎ ጋ ይሁን። እኔ ሱቅ ስውል ሙሉ እንዳትቸገር።»

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። አንባቢውን የእኛ ቦኖ መቼ እንደሚመጣ ጠየቅሁት።

«እኔ ቆጣሪ ወዳለበት ቤት ብቻ ነው የምላከው» አለኝ።

እሁድ ዶማዬን ይዤ አፈር የሞላው ቦያችን ውስጥ ብቻዬን ገብቼ እንደገና መቆፈር ጀመርኩ። ዘኪያ ልጇን አዝላ መጥታ ከላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው የሚለፉት? ውሃ አለዎት እኮ።»

«የአንቺ ነው» አልኳትና ዶማዬን አነሳሁ።