የቨርና ኮርኒስ

ላይል ብሩንስ ፍርድ ቤት የደረሰው ከቀጠሮው አርባ ደቂቃ ቀድሞ፣ አሮጌ የጫማ ካርቶን በግራ ብብቱ ሸጉጦ ነው። ካርቶኑ በደረሰኝ ተሞልቷል፤ የቤት ማሞቂያ ቦይለር፣ የሁለት ክረምት ማገዶ፣ የመኪና ባትሪ፣ የበር ቁልፍ። ሁሉም ለቀድሞ ሚስቱ ለቨርና የተገዛ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ኖረው ከሁለት ዓመት በፊት ሲፋቱ፣ በየወሩ ስድስት መቶ ሃምሳ ዶላር ቀለብ እንዲከፍላት ታዝዞ ነበር። አሁን ቨርና አልከፈለኝም ብላ ከሳዋለች። ችሎት ደፍሯል ከተባለ ሠላሳ ቀን ይታሰራል።

ላይል ግን ካርቶኑን ስለያዘ አልፈራም።

ፍርድ ቤቱ ያቆመለት ጠበቃ፣ ራንዳል ኦትስ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጦ ዶናት እየበላ ጠበቀው። ኦትስ በዚህ የኦሃዮ አውራጃ ሃያ ስድስት ዓመት ተሟግቷል። አብዛኛውን ጊዜ ቢሸነፍም እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መከላከያዬ ነዋ።"

ኦትስ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

"በል፣ ይህን መኪናህ ውስጥ ቆልፈህበት ና።"

"ለምን?"

"ስለሚያሳስርህ። ስማኝ ወንድሜ፣ በኛ ሕግ ቀለብ የሚከፈለው በቀለብ ቢሮ በኩል ነው። በቢሮው ያላለፈ ነገር ሁሉ ስጦታ ነው። ቦይለሩ ስጦታ፣ ማገዶው ስጦታ።"

"እሷ እኮ ስጦታ አትወድም።"

"ዳኛዋ ደግሞ ምን እንደሚሉ ልንገርህ? 'ስጦታ የሚያዘንብ ሰው ቀለብ መክፈል እንዴት አቃተው?' ይላሉ። መታሰሪያ ገመድህን በካርቶን አሽገህ መጣህ እኮ!"

ላይል የቀለብ ቢሮውን መስኮት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ለኖረች ሴት የሚሰጠውን ገንዘብ፣ የትራፊክ ቅጣት እንደሚከፍል ሰው ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ለተቀመጠች ለማያውቃት ልጅ ማስረከብ ነውር ሆኖ ታየው። እሱ ባደገበት ገጠር ሰው ዕዳ ካለበት የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ይመጣል፤ የተሰበረውን ይጠግናል፤ የተረፈውን ብር በፖስታ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሄዳል። ላይልም እስከ መጋቢት ድረስ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

"የቀረችህ አንዲት መከላከያ ናት፤ አቅም አጣሁ ማለት" አለ ኦትስ። "ሥራ ያቆምከው መቼ ነው?"

ላይል ወለሉን አየ። "መጋቢት ላይ። ከአሳማ ቤት ጣሪያ ወደቅሁ። ትከሻዬ ነው።"

"ታዲያ እስካሁን ምን ዘጋህ? ማን ያውቃል?"

"አንተ።"

"ቨርናስ?"

"እሷማ እንዳትሰማ።"

"ከሳሿ እኮ እሷ ናት! እፊትህ ነው የምትቀመጠው።"

"እንግዲያው አልናገርም።"

"ሠላሳ ቀን ነው ላይል።"

"ሠላሳ ቀን ምን አላት።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አልሰማህም?"

"መድኃኒት መች ጠየቅሁህ?"

ነገሩ ወዲህ ነው። ላይል ዕድሜ ልኩን ጣሪያ ሲከድን የኖረ ሰው ነው። ሊፋቱ ሰሞን የቨርና ንግግር አንድ ብቻ ነበር፤ "ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል? ትወድቃለህ! ወድቀህ ስትሰበር ደግሞ አትነግረኝም፤ አውቅሃለሁ።" እሱም መልስ አልሰጣትም ነበር። መልስ አለመስጠቱም ከፍቺው ምክንያቶች አንዱ ሆኖ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል። አሁን ያሳፈረው መውደቁ ሳይሆን እሷ ባለችው መንገድ መውደቁ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ስምንት ወር ይዞት ኖሯል። ሠላሳ ቀን ቢጨመርበት ምንም አይመስለውም።

ካርቶኑን መኪናው ውስጥ ቆልፎ ተመለሰ።

ቨርና የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች። ጠበቃ የላትም፤ የክሱን ቅጽ በራሷ እጅ ነው የሞላችው። ዳኛ ፍሪዘል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ የወጥ አሠራር እንደሚያነብ ሰው በማይለወጥ ድምፅ መዝገቡን ከፈቱ። ቨርና ማለችና ቆመች።

"እስከ መጋቢት በፖስታ ያመጣልኝ ነበር፤ አልዋሽም" አለች።

"ፖስታው በቀለብ ቢሮ በኩል አልፏል?"

"ኧረ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።"

"ስለዚህ ስጦታ ነው። ይቀጥሉ።"

"ከመጋቢት ወዲህ ግን ሳንቲም የለም። እሱንም ችዬው ነበር። ሰኔ ላይ የወጥ ቤቱን ኮርኒስ ልቀባልሽ ብሎ መጣ። ክብርት ዳኛ፣ ያን ኮርኒስ ቢያዩት! ላም የላሰው ይመስላል። ምድጃዬ ላይ አንጠባጠበ። ግማሹን ቀባና ግማሹን ትቶ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይል ወጣ። እስከ ዛሬ ዓይኑን አላየሁትም። ሰክሮ ነበር። ለመጠጥ የሚሆን ገንዘብ ካለው ደግሞ የኔን ይክፈለኝ።"

"መጠጥ ሸትቶዎታል?"

"አልሸተተኝም። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት እጁን አውቀዋለሁ። ጤነኛ ሆኖ እንዲያ አይቀባም።"

"ቀለሙ በቢሮው በኩል..."

"ቀለም እንዴት አድርጎ በቢሮ ያልፋል?"

"ስለዚህ እሱም ስጦታ ነው።"

"እንዲህ ያለውን ስጦታ ለጠላቴም አይስጠው" አለችና ተቀመጠች።

ላይል አንገቱን እንደደፋ ነው። ሰከረ መባሉ አቃጥሎታል። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ተናደደ። ኦትስ ክንዱን ጎንተል አድርጎ አስነሣው።

"ቀኝ እጅዎን ያንሡ" አለ የችሎቱ ጸሐፊ።

ላይል ግራውን አነሣ።

"ቀኝ።"

ላይል በግራ እጁ የቀኙን ክርን ደግፎ ወደ ላይ ገፋ። እጁ እስከ ደረቱ መጣና ቆመ። እንደገና ገፋ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ከንፈሩ ነጣ።

"ምን ሆነው ነው አቶ ብሩንስ?" አሉ ዳኛዋ።

"ደህና ነኝ።"

"ደንበኛዬ ገና አልማለም፣ ክብርት ዳኛ!" አለ ኦትስ ተጣድፎ። "ያሁኑ መልስ አይቆጠርብን።"

"በግራዎ ይማሉ።"

ላይል በግራው ማለ።

"አሁን ደግሜ ልጠይቅዎ። ምን ሆነው ነው?"

ላይል ባንዲራውን አየ፤ ጠበቃውን አየ፤ ቨርናን አላየም። ሰዎች ስለ እሱ ብዙ ክፉ ነገር ሊሉ ይችላሉ፤ ምሎ ይዋሻል የሚል ግን በአውራጃው የለም።

"መጋቢት ላይ ከአሳማ ቤት ጣሪያ ወደቅሁ።"

"ሐኪም ዘንድ ሄደዋል?"

"ሄጃለሁ። ኢንሹራንስ አለህ ወይ አሉኝ፤ የለኝም አልኩ። ስንት ነው አልኳቸው። ነገሩኝ። ወጣሁ።"

"ሥራስ?"

"በግራ እጄ ሚስማር መምታት ሞከርኩ። አውራ ጣቴ አልተስማማም።"

ቨርና ብድግ አለች። "ኮርኒሴን በግራ እጅህ ነው የቀባኸው?"

"ተራዎ አይደለም" አሉ ዳኛዋ።

ቨርና የሰማቻቸው አትመስልም። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ትወድቃለህ ብለሽኝ ነበራ።"

"ታዲያ?"

"ወደቅሁ።"

የቨርና ዓይን እንባ ሞላ። ንዴቷ ግን አልበረደም ነበርና፣ ቦርሳዋ ውስጥ መሐረብ ስትፈልግ ቁልፏንም ሳንቲሟንም ወለሉ ላይ በተነችው። ለቅሞ የሚሰጣት አልነበረም። ላይል ሊያጎነብስ ሲል ኦትስ በኮቱ ያዘው።

ዳኛ ፍሪዘል በዚያው ድምፅ ውሳኔያቸውን አነበቡ። አቶ ብሩንስ መክፈል አቃተው እንጂ አልከፍልም አላለም፤ ስለዚህ ችሎት አልደፈረም። ዕዳው ግን ባለበት ይቆያል። ስለ ትከሻው በስልሳ ቀን ውስጥ የሐኪም ማስረጃ ያቅርብ፤ ካላቀረበ ነገሩ እንደ አዲስ ይታያል።

"ሐኪም ቤት የምሄድበት የለኝም" አለ ላይል።

ቨርና እጇን አወጣች፤ እንደ ተማሪ። "ክብርት ዳኛ፣ እኔ ወስጄ ባሳክመውና ብከፍልለት፣ የሱ ዕዳ ላይ ይደመራል?"

"አይደመርም። በቢሮው በኩል ያላለፈ ሁሉ ስጦታ ነው።"

"ጥሩ። ስጦታ ነው ተብሎ ይጻፍልኝ።"

"አልቀበልም!" አለ ላይል።

"ይህ ችሎት ስጦታ የመከልከል ሥልጣን የለውም" አሉ ዳኛዋ። "ቀጣይ መዝገብ።"

ኮሪደሩ ላይ ኦትስ የተረፈችውን ዶናቱን ይዞ ተሰናበታቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን እስከ መውጫው ሄዱ። ላይል በልማዱ ቀኙን ወደ በሩ ሰደደና ከመንገድ መለሰው። ቨርና በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችለት። ላይል ሺህ ዶላር ቢከፈለው እንኳ ያን ጊዜ ፊቷን አያይም ነበር።

"ሰኞ በሁለት ሰዓት ተኩል መጥቼ እወስድሃለሁ" አለችው። "ተነሥተህ ጠብቀኝ።"

"እሺ።" ደረጃውን ወርደው ሲጨርሱ ቆመ። "ትከሻዬ ሲድን ያን ኮርኒስ እንደገና እቀባልሻለሁ።"

"እንዳትነካው።"

"አስቀያሚ እኮ ነው፣ ቨርና።"

"አውቃለሁ" አለች፣ መሐረቡን እያጠፈች። "ስጦታ ነው።"