የኔቪል ስፒትፋየር ራጅ ተነሳ

ኔቪል የሁለተኛው ዓለም ጦርነት አውሮፕላን የሆነችውን ስፒትፋየር በትንሹ ሞዴል አድርጎ ሲሠራ አስራ አራት ወር ፈጀበት። አስራ ሁለቱ ያለቀው የአብራሪው ክፍል ውስጥ ነው። ከጥፍር ያነሱ የነሐስ እግር መርገጫዎች፣ ቀበቶ ከነማያያዣው፣ ምስር የሚያካክሉ ቆጣሪዎች ከነመርፌያቸው። የጦርነቱን ጊዜ አረንጓዴ ለማግኘት ስድስት ቀለም ሲያደባልቅ ሚስቱ ሞሪን "ከዚያው ኩሽናዬን ብትቀባልኝስ?" አለችው። አልሰማትም።

በመጨረሻ የአብራሪውን ክፍል የመስታወት ክዳን በሱፐር ግሉ ሙጫ ለጠፈው። ጠዋት ሲነሳ የሙጫው ትነት መስታወቱን ከውስጥ አልብሶት ወተት መስሏል። ውስጡ ምንም አይታይ!

ቅዳሜ የሞዴል ሠሪዎች ክለባችን ውድድር በእንግሊዝ ሊንከንሻየር፣ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ዳኛው ክላይቭ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የጥርስ ማያ መስታወቱን ይዞ አጎነበሰ።

"ውስጡ ምን አለ?"

"ሁሉም አለ" አለ ኔቪል።

"የዚህ ቤተ ክርስቲያን ቄስም እግዜር አለ ይሉኛል፤ ነጥብ ስጠው ግን አላሉኝም።"

የእንስሳት ሐኪሙ ትሬቨር ጣልቃ ገባ። "ክሊኒኬ እዚሁ ጎን ነው። ለምን ራጅ አናነሳውም?"

"ውሻ ነው እንዴ?" አለ ኔቪል።

"ከውሻ ይሻላል፤ አይነክስም።"

ሁላችንም፣ ሞሪንም ጭምር፣ ተከትለን ሄድን። ስክሪኑ ላይ ፕላስቲኩ ደብዝዞ ነሐሱ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ መርገጫው፣ ማያያዣው፣ ሁሉም። በመሪው ጫፍ ያለችው ቀለበት ግን ከሁሉም በላይ ታበራለች።

"ይቺ ነሐስ አይደለችም፤ ወርቅ ሳትሆን አትቀርም" አለ ትሬቨር።

ሞሪን ጠጋ ብላ አየች። "የእናቴ ሎቲ!"

"ልኳ ነበር፣ ሞሪንዬ" አለ ኔቪል። "አንዲት ሚሊ እንኳ አትበልጥም።"

"ቧንቧ ሠሪውን እኮ ሌባ ብዬ አባረርኩት! አንተ ቀጣፊ!"

ኔቪል ሎቲዋን ሊያወጣ ክዳኑን ሰበረው። ያኔ ውስጡን በዓይናችን አየነው። ሞሪን እንኳ "ቀበቶዋ ታምራለች" አለች። ከዚያ በትሬቨር ወረንጦ ሎቲዋን ነቅላ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ክላይቭ የጥርስ መስታወቱን አስገብቶ ዞር ዞር አደረገ። "ሥራው ድንቅ ነው። መሪ ግን የለውም። ሁለተኛ።"

ኔቪል ሳቀ፤ ሥራውን ለማየት ሰው ተሰልፎ ነበር። በመኪና ሲመለሱ ሞሪን ፊት አላስቀመጠችውም። አውሮፕላኑን አቅፎ ከኋላ ተቀመጠ፤ እሷም መጀመሪያ ወደ ቧንቧ ሠሪው ቤት ነዳችው።